እንቁላሉ የማን ነው? የውሻ ሆድ ትልን የተመለከቱ ጥያቄዎቻችሁ

ባለቤት አልባ ውሾችን ስለመመርመር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱን ዛሬ ልመልስ።

ማይክሮስኮፕ እንቁላሉን ካሳየን የዘረመል ምርመራ ለምን አስፈለገ?

ማይክሮስኮፕ ብዙ ይነግረናል። ሰገራው ጨው ወይም ስኳር በደንብ በበዛበት ውሃ ሲበጠበጥ፣ አብዛኛው የትል እንቁላል ወደ ላይ ይንሳፈፋል። የውሻ ወስፋት እንቁላል ቅርፊቱ ወፍራምና ጎርባጣ ስለሆነ አንዴ ያየው ሰው አይስተውም።

ጭንቁ የኮሶ ትል ጋ ነው። እንቁላሉ ክብ ነው፣ ቡናማ። ስፋቱ ከ30 እስከ 40 ማይክሮሜትር ቢሆን ነው። ቅርፊቱ እንደ ጨረር በተሰደሩ መስመሮች የተሞላ ሲሆን ውስጡ ስድስት ጥቃቅን መንጠቆዎች ይታያሉ። ግን የማን ነው? ቴኒያ የተባለው የኮሶ ትል ዓይነት ሊሆን ይችላል። ኢካይኖኮከስም ሊሆን ይችላል፤ ሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት የሚያበቅለው ማለት ነው። የቱንም ያህል ልምድ ቢኖርዎ በዓይን አይለዩዋቸውም። ፒሲአር የተባለው የዘረመል ምርመራ ግን ከዲኤንኤው አንዲት ቁራጭ፣ ብዙ ጊዜ ኮክስ ዋን ከሚባለው ዘረመል፣ አባዝቶ ያወጣል። የፊደሎቿ ቅደም ተከተል ሲነበብ የትሉ ማንነት ይታወቃል። አንዱ ሰውን ለትልቅ ቀዶ ጥገና የሚዳርግ ከሆነ፣ ለእኔ ይህ ልዩነት ወጪው ይገባዋል።

የሰገራ ናሙናዎቼን ፎርማሊን በሚባለው ማቆያ ኬሚካል ውስጥ አቆየኋቸው፤ ፒሲአሩ እምቢ አለኝ።

ያሳዝናል፣ ብዙ ልፋት ነው። ፎርማሊን የእንቁላሉን መልክ ይጠብቃል፤ ዲኤንኤውን ግን ያቆራኘዋል፣ ይሰባብረዋልም። ከአሁን በኋላ ለዘረመል የሚሆነውን ለብቻው ከፍለው በአልኮል ያስቀምጡ። ሲነኩት ግን አደራ! አልኮልም ሆነ ተራ ፍሪዘር የኢካይኖኮከስን እንቁላል አይገድለውም። ላቦራቶሪዎች ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ለቀናት የሚያቆዩት ለዚህ ነው።

አንድ ናሙና ነጻ ሆነ። ውሻው ንጹሕ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ትሎች በየቀኑ እንቁላል አያወጡም፤ ገና ያልጎለመሱት ደግሞ ጭራሽ የላቸውም። በተለያየ ቀን ሦስት ናሙና ይውሰዱ። የተገላቢጦሹም አለ፦ ውሻ የሌላ እንስሳ ሰገራ በልቶ የራሱ ያልሆነ እንቁላል ሊያሳልፍ ይችላል።

ልጄ አብሮት የሚጫወተው የጎዳና ቡችላ ጃርዲያ የተባለ የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ ተገኘበት። ወደ ልጄ ይተላለፋል?

እንደ ዓይነቱ ነው። በዘረመል ምርመራ ሲ ወይም ዲ ከተባለ በአብዛኛው ውሻ ላይ የሚቀር ነው። ኤ ወይም ቢ ከሆነ ሰውንም ይይዛል። እስኪታወቅ ድረስ ልጅዎ በነካው ቁጥር እጁን በሳሙና ይታጠብ። ቡችላውን ግን እባክዎ አያባርሩት። እሱም ታማሚ ነው፣ መድኃኒትም አለው።