ሁለት የአዳኝ ቡድኖች በአንድ ገበሬ ይዞታ ላይ ሲገናኙ

ጠያቂው ወንድማችን ከድሬዳዋ ወደ ኤረር በሚወስደው በኩል አንድ ገበሬ አስፈቅደው ጅግራ እንደሚያድኑ፣ ሌላ ቡድንም ከዚያው ገበሬ ፈቃድ አግኝቶ መምጣት እንደጀመረ ገልጸው፣ ቅድሚያው የማን እንደሆነና እንግዳ ይዞ መሄድ ይገባ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም በዚያው አካባቢ ለዓመታት ወፍ ስላደንሁ የማውቀውን እጽፋለሁ።

አስቀድሞ ግን፣ ገበሬው መፍቀድ የሚችለው በይዞታው ላይ መግባትን ብቻ ነው። የአደን ፈቃድ የሚሰጠው በዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ሲሆን፣ ጠመንጃውም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የተፈቀደ መሆን አለበት። በባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ክልል ውስጥ ከሆነ የገበሬው እሺታ ምንም ዋጋ የለውም።

ቅድሚያን በተመለከተ፣ «እኛ ቀድመን ነው የተዋወቅነው» የሚለውን ክርክር ፈጽሞ አልቀበለውም፤ ባለይዞታው ለሁለታችሁም እሺ ካለ ሁለታችሁም እኩል እንግዶች ናችሁ። በእኛ ዘንድ የሠራው ልማድ ከዋዜማው ለገበሬውም ለሌላውም ቡድን መደወልና ቀኑን መከፋፈል ነው። ኦሮምኛ የማይችል ሰው በሚችል ጓደኛው ቢያስደውል ይሻላል፤ ገበሬው ሳይገባው «እሺ» ያለው ነገር ፈቃድ ሊባል አይችልምና። ሳይታወቅ በአንድ ቀን ከተገናኛችሁ፣ በኋላ የደረሰው ይመለስ ወይም ከሸለቆው ማዶ ያለውን ይያዝ።

ይህን የማጠብቀው ስለ ጨዋነት ብቻ አይደለም። በወፍ ጥይት ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የእርሳስ ኳሶች ወፍ የሚጥሉት እስከ 40 ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ከ200 ሜትር በላይ ሄደው ሊወድቁ ይችላሉ። ማሽላው ሲያሽት ደግሞ ልጆች ወንጭፍ ይዘው ማማ ላይ ወይም አገዳው መካከል ወፍ ይጠብቃሉ፤ አገዳው መካከል ያሉት ከአገዳው ቁመት የተነሣ ከውጭ አይታዩም። ስለዚህ ማሽላው እስኪታጨድ ድረስ ወደ እርሻው አቅጣጫ ዝቅ ብሎ በሚበር ወፍ ላይ አይተኮስም፤ ሌላው ቡድን የት እንደቆመ ሳይታወቅም እንዲሁ። በጫት ማሳ ውስጥ ደግሞ ጨርሶ አይታለፍም፤ ጠመንጃ ይዞ ጫት መካከል የተገኘን ሰው ጠባቂው አዳኝ ነው ብሎ አያስብም።

ብዙ ሰው የሚስተው የሥጋው ጉዳይ ነው። በዚያ በኩል ያሉት ገበሬዎች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ስለሆኑ፣ ክርስቲያን አዳኝ ለምስጋና ብሎ ጅግራ ቢያበረክትላቸው የማይበሉትን ነገር ላለመቀበል ያሳፍራቸዋል እንጂ አያስደስታቸውም። ስኳር፣ ዘይት ወይም ለልጆች ደብተር መውሰድ ይበቃል። ቡድናችሁ ክርስቲያንና ሙስሊም የተቀላቀለበት ከሆነም ማን እንደሚያርድ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ የሁለቱን ወፎች በአንድ ከረጢት አታድርጉ።

እንግዳን በሚመለከት፣ ፈቃዱ የተሰጠው ለእርስዎ ስለሆነ ገበሬውን ሳይጠይቁ ማንንም አያምጡ። ጠይቀው ቢፈቀድልዎም ለሌላው ቡድን ማሳወቅ ይገባል፤ እንግዳው ለሚተኩሰው ጥይት፣ ለሚሰብረው የቁልቋል አጥርና ለሚያስደነግጠው ከብት ተጠያቂው እርስዎ ነዎት። በሌላው ቡድን ላይ ቅሬታ ካለዎት ከተማ ተመልሳችሁ ተነጋገሩበት፤ በገበሬው ፊት የተጨቃጨቁ ሁለት ቡድኖች ሁለቱም ሲከለከሉ አይቻለሁ።