ባነሩ 104 ይላል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከጅማ ነው፣ ከመንደራ። አያቴ ካረፈች ዓመት ሊሆናት ነው። ሙት ዓመቷ ላይ የሕይወት ታሪኳን ጽፈሽ የምታነቢው አንቺ ነሽ ብለውኛል፤ ዩኒቨርሲቲ ስለገባሁ መሰለኝ። እማዬ ነበር የምንላት። ካቶሊክ ነበረች። ካቶሊክ ስል በስም ብቻ አይደለም፣ በየቀኑ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስታ መቁጠሪያዋን ስትደግም እኛንም የምትቀሰቅስ፣ የጅማ ክረምት እንደምታውቁት ነው፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ቢደርስም ቅዳሴ የማይቀርባት። የተወለደችው ከቦንጋ በኩል ነው፣ የተጠመቀችውም እዚያው በልጅነቷ ነው ይላሉ። ጅማ የመጣችው አግብታ ነው።

ችግሩ ዕድሜዋ ላይ ነው። ያረፈችው በ2017 ነው። ትልቁ አጎቴ ባነር አሳትሞ ጨርሷል፣ «በ104 ዓመታቸው» ይላል። የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ የትውልድ ዘመኗ 1913 ስለተባለ ነው። እማዬ ራሷ ግን «ጣሊያን ሲገባ እናቴ አዝላኝ ጫካ ገባች» ነበር የምትለን። አጎቴ የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ የ1946 ልጅ። የመጨረሻዋ እናቴ ናት፣ የ1968። ይሄን ሳነሳ አጎቴ «የእናቴን ዕድሜ ልትቀንሽ ነው?» ብሎ ተቆጣኝ።

ሌላው ደግሞ የእድራችን ግማሹ ሙስሊም ነው፣ ኦርቶዶክስም ጴንጤም አለ። ስለ ቅዳሴና ስለ መቁጠሪያ ባወራ ይሰለቻሉ? ለነገሩ እማዬ ለሙስሊም ጎረቤቶቿ ብላ ሥጋ የማይነካው ድስት ለብቻው አስቀምጣ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ በመቁጠሪያው ጸሎት ከሲስተር፣ ከመነኩሲቷ፣ ጋር መጨቃጨቅ ነበረባት፣ «የብርሃን ምስጢር የሚባል አላውቅም፣ ሐሙስ የደስታ ነው» እያለች። ይሄ ይነበባል? በመጨረሻ፣ መቁጠሪያዋን ሦስት የልጅ ልጆች እንፈልገዋለን። ለማን ይሁን?

የልጅ ልጅ፣ ከጅማ

መልስ፦ ነፍሳቸውን ይማር። ዓመት ቢሆነውም ሳልለው ማለፍ አልፈልግም።

ሒሳቡን ራስሽ ጨርሰሽዋል፣ እኔ መደመርና መቀነስ ብቻ ነው የቀረኝ። አያትሽ የ1913 ልጅ ከሆኑ አጎትሽን የወለዱት በ33 ዓመታቸው ነው። ይሁን፣ ይቻላል። እናትሽን ግን በ55 ዓመታቸው ነው የወለዱት ማለት ነው። ይሄን ለአጎትሽ በእርጋታ፣ ቡና እየተጠጣ፣ ሰው በሌለበት ንገሪው። ጣሊያን ወደ ጅማና ወደ ከፋ የዘለቀው 1929 ላይ ነው። በመታወቂያው ከሄድን ያኔ የ16 ዓመት ኮረዳ ነበሩ፤ የ16 ዓመት ኮረዳ ደግሞ አትታዘልም፣ እንዲያውም ታናናሾቿን የምታዝለው እሷ ናት። 1927 አካባቢ ተወለዱ ብንል ግን ሁሉም ይገጥማል። ጣሊያን ሲገባ ሁለት ዓመት፣ አጎትሽ ሲወለድ 19፣ እናትሽ ስትወለድ 41፣ ሲያርፉ 90። ዘጠና ዓመት አነሰ እንዴ?

መታወቂያውን በተመለከተ ማንም አልዋሸም። በዚያ ዘመን የልደት ወረቀት የነበረው ሰው ስንቱ ነው? ጸሐፊው «ስንት ዓመትዎ ነው?» ይላል፣ «እኔ እንጃ ልጄ» ይባላል፣ ፊት ይታይና ይጻፋል። በእኛ ቤትም ታላቅና ታናሽ የሆኑ ሁለት አክስቶቼ በመታወቂያ እኩያ ናቸው፤ ታላቅየዋ እስከ ዛሬ አልተዋጠላትም።

አጎትሽ ወረቀት ካልታየ አላምንም ካለ ደግሞ ወረቀት አለ። ካቶሊክ በመሆናቸው አያትሽ እዚህ ላይ ዕድለኛ ናቸው። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ እያንዳንዱ ቁምስና (አጥቢያ) የጥምቀት መዝገብ መያዝ አለበት፣ የጋብቻና የሙታን መዝገብም እንዲሁ። ጥምቀቱ ላይ የተጠማቂው ስም፣ የወላጆቹ፣ የክርስትና አባት ወይም እናት፣ ያጠመቀው ካህን፣ የተጠመቀበትና የተወለደበት ቀን ይጻፋል። በጣም የምወደው ግን ኅዳጉን፣ የገጹን ዳር ነው። ሰውየው ሜሮን ሲቀባ፣ ሲያገባ፣ እዚያው የጥምቀት ስሙ ጎን ይጨመርበታል፣ ያገባው ሌላ አገር ቢሆን እንኳ ያጋባው ቁምስና ወደ ተጠመቀበት ቁምስና ማስታወቅ አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ ያገቡበትን መዝገብ አሳዩኝ በይ፣ የት እንደተጠመቁ እሱ ይጠቁምሻል።

ባታገኚው ግን ቶሎ ተስፋ አትቁረጪ። ኮንሶላታ የሚባሉት የጣሊያን ካቶሊክ ሚስዮናውያን ከፋ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ ነው፣ ከነጻነት በኋላ ጣሊያኖቹ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ፣ ሥራው ወደ ሌላ እጅ አለፈ። የጅማ–ቦንጋ ሀገረ ስብከትም ራሱን ችሎ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ ከዚያ በፊት በነቀምቴ ሥር ነበር። እና ጅማ ላይ የለም ቢሉሽ ቦንጋን፣ ቦንጋ ላይ የለም ቢሉሽ ነቀምቴን ጠይቂ። ስትጠይቂ «እማዬ» ወይም በቤት ስማቸው አይደለም፣ በክርስትና ስማቸው ነው። የጣሊያኖቹ ጽሑፍ ከሆነ ስሙ በላቲን ፊደል፣ በጣሊያንኛ አጻጻፍ ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ ጮክ ብለሽ እያነበብሽ ፈልጊ፣ ዓይን የማያውቀውን ጆሮ ያውቀዋል። ቀኑም በፈረንጅ ነው የሚሆነው። ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ድረስ ያለውን 8 ቀንሺ፣ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ያለውን 7። ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ነው አንድ ዓመት የሚያተርፈው።

መዝገቡ ሳይገኝ ሙት ዓመቱ ቢደርስስ? «ጣሊያን ሲገባ እናታቸው አዝለዋቸው ጫካ ገቡ» ብለሽ ጀምሪ፣ ቁጥር አትጥሪ። ባነሩ ይሰቀል፣ ተከፍሎበታል። ሰው ባነር ያያል እንጂ አያሰላም። አንቺ ግን በአፍሽ 104 አትበይ። ሌሊት 11 ሰዓት የሚነሱ ሴትዮ ንስሐ ሲገቡ ለትንሿ ውሸትም ይናዘዙ እንደነበር እገምታለሁ፣ በስማቸው ሌላ ባትጨምሪባቸው ደስ ይላቸዋል።

አሁን ወደ ጽሑፉ። «ደግ፣ ርኅሩኅ፣ እንግዳ ተቀባይ» የሚሉትን ቃላት ከአሁኑ አውጪያቸው። ሙት ዓመት ላይ ታሪኩ የተነበበለት ሰው ሁሉ ደግ ነበር፣ ክፉ ሰው የሚሞት አይመስልም። በእነሱ ፋንታ ድስቱን ጻፊ። በጅማ አንድ ክርስቲያን ቤት ውስጥ ለሙስሊም ጎረቤት ተብሎ ለብቻ የተቀመጠ ድስት ምን እንደሆነ ለጅማ ሰው አታስረጂውም፣ ያውቀዋል። ቀለሙን፣ የት መደርደሪያ ላይ እንደነበር፣ ማን ሲመጣ እንደሚወርድ፣ አንዴ ሳታውቂ ሥጋ ሠርተሽበት ከነበረ (ከነበረ ነው ያልኩት) ምን እንዳሉሽ። ድስቱ አሁን የት ነው? ካለ ዕለቱን አውርዱት፣ ለሙስሊሞቹ የሚሠራው በእሱ ይሠራ።

መቁጠሪያ ያሰለቻል ወይ ላልሽው፣ አያሰለችም። ኦርቶዶክሱ የራሱ መቁጠሪያ አለው፣ 41 ወይም 64 ፍሬ። ሙስሊሙ ሙስበሃ አለው፣ 33 ወይም 99። ማርያምንም ያውቃታል፣ ቁርአን ውስጥ በስሟ የተጠራ ምዕራፍ አለ። ጴንጤ ዘመዶችሽ አንድ ቀን ይታገሱናል። ስለዚህ ሃይማኖቱን አትደብቂው፣ አታብራሪውም። «መቁጠሪያ ማለት» ብለሽ እንዳትጀምሪ። ቅዝቃዜውን፣ ኩራዙን ወይም አምፖሉን፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆናችሁ የተኛችሁ መስላችሁ የምትሰሙትን ድምፅ ጻፊ። ስንተኛው ላይ ነበር እንቅልፍ የሚወስድሽ?

የሐሙሱ ጭቅጭቅ ደግሞ የግድ ይነበባል! የጽሑፍሽ ጨው እሱ ነው። ለማያውቁት አንባቢዎቼ፦ መቁጠሪያው አምስት አሥርት አለው፣ በእያንዳንዱ የእመቤታችን ሰላምታ 10 ጊዜ ይባላል፣ እየተባለም ከጌታና ከእናቱ ሕይወት አንድ ምስጢር ይታሰባል። ለብዙ መቶ ዓመታት የደስታ፣ የኀዘንና የክብር ተብለው 15 ነበሩ። ሰኞና ሐሙስ የደስታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ አምስት የብርሃን ምስጢራት ጨመሩና ሐሙስን ለእነሱ ሰጧቸው፣ የደስታው ወደ ቅዳሜ ተሻገረ። አያትሽ ያኔ በእኔ ሒሳብ 67 ወይም 68 ዓመታቸው ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሐሙስን በደስታ የጀመሩ ሴት በዚያ ዕድሜ ቀን ቀይሪ ሲባሉ እምቢ ቢሉ ይፈረድባቸዋል? ቅዳሴ በላቲን ሲቀደስ ያስታውሳሉ፣ በአገር ቋንቋ ሲሆንም ተቀብለዋል፣ አንድ ሐሙስ ቢቀርባቸው ምን አለበት። በዚያ ላይ አዲሶቹን ጳጳሱ ያቀረቡት በምርጫ ነው፣ በግዴታ አይደለም፤ ሲስተር ይሄን ያውቁ ይሆናል፣ ግን ክርክሩ ሳይጥማቸው አልቀረም። ከቻልሽ እሳቸውን ፈልጊና የእማዬን አነጋገር በእሳቸው አፍ አስደግሚያቸው። ሙት ዓመቱም ላይ ይጠሩ።

አጎትሽ ይሄን ሲሰማ «ቤተ ክርስቲያንን የሚያሳፍር ነገር» ሊል ይችላል። አስቀድመሽ አንብቢለት። ከሳቀ ተፈቅዷል ማለት ነው።

መቁጠሪያው ይቀራል። በጠመንጃ ብትገደዱም እንዳትቆርጡት፤ አንዳንድ ቤት መስቀሉን ለአንዱ፣ ፍሬውን ለሌላው ሲያካፍሉ አይቻለሁ፣ አልወደድኩትም። የተባረከ ዕቃ ስለሆነ አይሸጥም፣ ተበጥሶ የማይጠገን ሲሆንም ይቀበራል ወይም ይቃጠላል እንጂ ቆሻሻ ላይ አይጣልም። ከሦስታችሁ የሚደግምበት ካለ ለእሱ ስጡት፣ ዕጣ ማውጣት አያስፈልግም። ሦስታችሁም ትደግማላችሁ? እንግዲያው በየተራ ዓመት ዓመት ያዙት። ማናችሁም አትደግሙም? ይሄ ይበልጥ እውነት ይመስለኛል፣ አትቆጪኝ። እንግዲያው እማዬ ይተኙበት በነበረው ክፍል ግድግዳ ላይ ይሰቀልና ሙት ዓመቱ በገባበት ሳምንት ሐሙስ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሦስታችሁም ተነስታችሁ አንድ ጊዜ ድገሙበት። የደስታውን።