ሩጫ ብቻ አትሩጡ

ልጆች፣ ዛሬ የምጽፈው ለሯጮች ነው። በተለይ ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከሞረት መጥታችሁ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይታችሁ ለምትሮጡት። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ዕድሜዬ ያለቀው የሰው ወገብና ጉልበት ላይ ነው። አሰልጣኝ አይደለሁም፤ እሱ አላችሁ፣ ስሙት። እኔ የማውቀው ተጎድቶ የመጣውን ነው።

የሚመጡት ልጆች ደግሞ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። እግራቸው ብረት ነው። ትንፋሻቸውማ አይወራም፤ 2,800 ሜትር ላይ እየሮጠ ያደገ ልጅ ምን ይባላል? ግን «እስቲ በአንድ እግርህ ቁምና ጉልበትህን ቀስ ብለህ እጠፍ» ስለው ያ ሁሉ ጉልበት ይጠፋል። ጉልበቱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ዳሌው በአንድ ወገን ዘጭ ይላል፣ እጁ ግድግዳ ይፈልጋል። ይሄ ልጅ እኮ በዋዜማው 30 ኪሎ ሜትር ሮጧል!

ሩጫ ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ እግር ማረፍ ነው። ሁለቱ እግሮች አንድ ላይ መሬት የሚነኩበት ጊዜ የለም። በእያንዳንዷ እርምጃ የሰውነታችሁን ክብደት ሁለት ሦስት እጥፍ የሚያህል ጫና አንድ እግር ላይ ያርፋል። ያንን የሚሸከመው ጉልበት ብቻውን አይደለም፤ መቀመጫችሁ፣ የጎን ሆዳችሁና የታችኛው ጀርባችሁ አብረው መያዝ አለባቸው። ጭነቱ ላልቶ የታሰረ አህያ አይታችኋል፤ ጭነቱ በተወዛወዘ ቁጥር የሚቆስለው ጀርባው ነው። እናንተም ወገባችሁ ሲወዛወዝ የሚከፍለው ጉልበታችሁ ነው፣ አለዚያም ቅልጥማችሁ፣ አለዚያም የተረከዝ ጅማታችሁ። 35ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ትከሻው ወድቆ፣ ወገቡ ጎብጦ እግሩን የሚጎትት ሯጭ ስታዩ «እግሩ አለቀ» ትላላችሁ። እኔ መጀመሪያ የማየው መሃሉን ነው።

ስለዚህ ኮር ስሩ፤ መሃላችሁን፣ ማለትም ሆድን፣ ጎንን፣ የታችኛውን ጀርባና መቀመጫን የሚያጠነክር ልምምድ ማለቴ ነው። ሲክስ ፓክ አላልኩም፤ እሱ ለፎቶ ነው። መቶ ሲት አፕ እየሠራ በአንድ እግሩ መቆም የማይችል ልጅ ስንቱን አይቻለሁ።

ፕላንክን፣ ያንን በሆድ በኩል በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየቱን፣ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ በደንብ የምትሠሩት ግን ጥቂት ናችሁ። ክርናችሁ ከትከሻችሁ ሥር ይሁን። መቀመጫችሁን ጨብጡት። ወገባችሁ አይስመጥ፣ ቂጣችሁም ሰማይ አይይ። ትንፋሽ አትያዙ። ወገቡ የሰመጠ የሦስት ደቂቃ ፕላንክ ለጓደኛ ማሳያ ካልሆነ ምንም አይሠራም፤ 30 ሰከንድ በወጉ ይበልጣል። ከዚያ በጎን ዙሩና በአንድ ክርን ድገሙት፤ ለሯጭ ከሁሉም የምወደው ይሄኛውን ነው፣ ምክንያቱም ያ ዘጭ የሚለው ዳሌ የሚያዘው በጎን ጡንቻ ነው። ቀጥሎ በጀርባ ተኝታችሁ፣ ጉልበት አጥፋችሁ ዳሌ ማንሳት፤ ሲቀላችሁ በአንድ እግር። መጨረሻ ላይ ደረጃ ጠርዝ ላይ በአንድ እግር ቆማችሁ ተረከዝ ከፍ ዝቅ አድርጉ፤ ስትወርዱ አትቸኩሉ። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ ሩብ ሰዓት ይበቃል። ኢዚ፣ ማለትም ቀላሉን ሩጫ፣ ከሮጣችሁ በኋላ ይሁን።

ጂም አያስፈልግም። ምንጣፍ የለኝም የሚለኝም አለ፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ይሄ ሰበብ አይሆንም።

አበበ ቢቂላን ልጥራ፤ የሸዋ ልጅ ነው፣ ጃቶ የተወለደ። ልጅ ሆኖ የገና ጨዋታ ይጫወት ነበር። ገና ደግሞ ሩጫ፣ መታጠፍ፣ ማጎንበስ፣ ኳስ በዱላ መምታት ያለበት ጨዋታ ነው፤ ሰውነት በሁሉም አቅጣጫ ይሠራል። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ብዙም ሳይቆይ፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ በዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈ። ሁለተኛው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው የገባው። አበበ ግን ያን ጊዜ ሣሩ ላይ ወርዶ ስፖርት እየሠራ ነበር፤ በጀርባው ተኝቶ እግሩን ወደ ላይ ያንቀሳቅሳል፣ ይታጠፋል፣ ይሳሳባል። ምስሉ አለ፣ ፈልጋችሁ እዩት። ለታይታ ነው የሚል ይኖራል። እኔ የማየው 42 ኪሎ ሜትር ሮጦም ወገቡ ያልተበተነበትን ሰው ነው።

ስለ ብስክሌት ባጭሩ። ልብና ሳንባ ቶሎ ይለምዳሉ፣ አጥንትና ጅማት ግን ቀርፋፋ ናቸው። ስለዚህ ትንፋሻችሁ «ጨምር» ሲላችሁ አጥንታችሁ ገና ላይደርስ ይችላል። በሳምንት አንዱን ቀላል ሩጫ በብስክሌት ብትለውጡት ልባችሁ ይሠራል፣ ቅልጥማችሁ ከምት ያርፋል። ደብረ ብርሃን ሜዳ ናት፣ ይመቻል። ዋናም ጥሩ ነው፤ ከከተማዋ ወንዝ ከበሬሳ ግቡ ማለቴ ግን አይደለም። ይሄ ሁሉ የኢንተርቫልን፣ ማለትም በመሃል እያረፉ የሚሮጡትን የፈጣን ሩጫ ልምምድ፣ ቦታ አይተካም፤ ሩጫ በሩጫ ነው የሚሻሻለው።

ዮጋ ስል ፊታችሁ ይለወጣል። ከህንድ የመጣ ነው፣ ከእምነት ጋር ይያያዛል የሚል ጥያቄ አላችሁ። እሱን ከነፍስ አባታችሁ ጋር ጨርሱት፤ እኔ የምፈልገው አቋቋሙንና ቀስ ያለ አተነፋፈሱን ብቻ ነው። እጅና እግር መሬት ላይ ተክሎ ዳሌን ወደ ላይ መግፋት ባትንና የኋላ ታፋን ያፍታታል። አንድ ጉልበት መሬት አስነክቶ ሌላውን እግር ወደፊት አድርጎ መቆየት ደግሞ የዳሌን ፊት ይከፍታል፤ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብላችሁ ስልክ የምታዩ ሰዎች ይሄ በጣም ያስፈልጋችኋል። በአፍንጫ ተንፍሱ። እስኪያማችሁ አትሳቡ፤ ሯጭ የሰርከስ ሰው መሆን አይጠበቅበትም። ደግሞ ይሄን ማታ ሥሩት። ጠዋት በዚያ ውርጭ፣ ሰውነት ሳይሞቅ ረጅም ማሳሳብ ጡንቻን ያላላል እንጂ አያፈጥንም፤ ጠዋት እየተንቀሳቀሳችሁ አሟሙቁ።

ሴቶቹ ደግሞ ይሄን ስሙ፦ የወር አበባ ሲቀር «ልምምዱ ስለከበደ ነው» ተብሎ አይታለፍም። ብዙ ጊዜ የምትበሉት ከምትሮጡት አንሷል ማለት ነው፣ አጥንትም አብሮ ይሳሳል። ሐኪም ጋ ሂዱ። ማፈር የለም።

የመጨረሻው ስለ ወጌሻ ነው። ወጌሻ አልንቅም፤ የወለቀ ትከሻ ሲመልስ አይቻለሁ። ነገር ግን ቅልጥማችሁ ላይ በአንድ ጣት የምትነኩት ሕመም ካለ፣ ስትሮጡ የሚብስ፣ ስታርፉም የማይለቅ ከሆነ፣ እሱ አጥንት ላይ የጀመረ ስንጥቅ ሊሆን ይችላልና አታሳሹት። ሩጫውን አቁማችሁ ሆስፒታል ሂዱ። መጀመሪያ ላይ ራጅ ላያሳየው ይችላል፤ «ራጁ ንጹሕ ነው» ተብላችሁ ሕመሙ ካለ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ ድጋሚ ራጅ ተነሱ፤ እስከዚያ ሩጫ የለም።