ሐረጎን ወጥቶ የመጣው ልጅ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ መድኃኔዓለም ደጃፍ ላይ ያዘችኝ። «ጋሼ፣ ጥፋቱን ላላመነ ሰውም ምሕረት ማድረግ ግዴታ ነው እንዴ?» አለችኝ። ሥራ ቦታ ያስቀየማት ሰው አለ መሰለኝ። ቆይ ላስብበት ብያት ወሬ ቀየርኩ። ጥያቄው ግን ቤት ድረስ ተከተለኝ። የእሷ ሰውዬ አላመነም። እኔ ዘንድ የመጣው ልጅ ግን አምኖ ነበር።

1985 ዓ.ም. ነው። ኮምቦልቻ አንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሹም ነበርኩ፤ ቤቴ ግን ደሴ ነው፤ በየቀኑ በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ዳገት እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ። ሁዳዴ ገብቶ ድንገተኛ ቆጠራ ስናደርግ ከረዳት ገንዘብ ያዡ ካዝና 340 ብር ጎደለ። የልጁ ደመወዝ 230 ብር ነበር። አልካደም። «እናቴ ታማብኝ ነው፣ ልመልሰው ነበር» አለ። እኔ ደግሞ ይህን ሰበብ ስሰማ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሪፖርቱን ጻፍኩና ሰኞ ላስገባው ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ቆሜ እግዚኦታውን 41 ጊዜ በጣቴ አንጓ ቆጥሬያለሁ። ይህን ልብ በሉልኝ። በዚያው ቀን ወደ ማታ በር ተንኳኳ። ልጁ ነው፤ ከሰፈሩ አንድ ሼህ ይዞ መጥቷል። የኮምቦልቻን ሙቀት የለመደ ልጅ በስስ ሸሚዝ ነው የመጣው፣ ደሴ ደግሞ ያን ዕለት የጦሳ ተራራ በጭጋግ ተሸፍኖ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ይንቀጠቀጣል። ፈርቶ መሰለኝ፤ እውነቱን ልንገራችሁና ትንሽ ደስም ብሎኝ ነበር። ባለቤቴ ናት ጎተት አድርጋ «ልጁ በርዶታል እኮ» ያለችኝ። ጋቢው ትከሻዬ ላይ ነበር።

ተቀመጡ አልኳቸው። ሼሁ «ምሬዋለሁ ካላልከኝ አልቀመጥም» አሉ። ሽማግሌ ናቸዋ። ቀጥለው «ስለ መድኃኔዓለምህ ብለህ» አሉኝ። ለወሎ ሰው ይህ ብርቅ አይደለም፣ ስለዚህ ያኔ ምንም አልመሰለኝም። አሁን ነው ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ፣ ሼሁ በእኔው መድኃኔዓለም ሲለምኑኝ እኔ «አባቴ፣ ሕግ ሕግ ነው» ማለቴ። ቡናው ተቀድቶ ነበር። ሳይጠጡ ወጡ። በዚያ ሰዓት ወደ ኮምቦልቻ መኪና ይገኝ አይገኝ እንኳ አልጠየቅኩም።

ልጁ ከሥራ ተባረረ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ሪፖርቱን በመጻፌ አልጸጸትም። ዛሬም ቢሆን እጽፈዋለሁ፤ የጎደለ ጎድሏል። የሚቆጨኝ አንድ መስመር ነው። «ከደመወዙ እየተቆረጠ ይመልስ» የሚል አስተያየት መጨመር እችል ነበር። ከዚያ በፊት ለሌላ ሰው አድርጌዋለሁ። ዘመዴ ነበር።

የሒሳብ ሰው ነኝና ማቴዎስ 18ን፣ ያን ጌታው ብዙ ዕዳ ትቶለት እሱ ግን መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን ያልማረ ባሪያ ታሪክ፣ ሳነብ ዓይኔ መጀመሪያ ቁጥሩ ላይ ነው የሚያርፈው። አንድ ዲናር ያኔ የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ነው። መቶ ዲናር እንግዲህ የመቶ ቀን ልፋት። አንዳንድ ሰባኪ ሳንቲም ያስመስለዋል፤ ሳንቲም አይደለም፣ ባልንጀራው የምር ዕዳ ነበረበት። ጌታው የተወለት እልፍ መክሊት ደግሞ፣ አንዱ መክሊት ወደ 6,000 ዲናር ስለሚመታ፣ 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን ያህል ይሆናል። ማን ሠርቶ ይከፍለዋል? እኔ ግን ምሕረት ማድረግ ማለት «ምንም አልጎደለም» ብሎ መፈረም ይመስለኝ ነበር። ጉድለቱን በሙሉ ጽፎ ሰውየውን መማር እንደሚቻል የገባኝ ጡረታ ወጥቼ ነው።

ደሴ ያደገ ሰው አይጠየፍን ያውቃል፣ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን የግብር አዳራሽ። ልጅ ሆኜ በዚያ ሳልፍ የምገረመው ያ ሁሉ ሰው እጁን የት ታጥቦ ይሆን እያልኩ ነበር። ስሙን ልብ ብዬው አላውቅም። እኔ ቤት ግን ሁለት እንግዳ ቆሞ ተመለሰ።

እናንተ ወጣቶች ደግሞ ትቸኩላላችሁ። ሰው አንድ ቀን ካስቀየማችሁ ብሎክ ነው። «ቶክሲክ ነው» ትላላችሁ፣ አለቀ። እኛ ቢያንስ ሽማግሌ እንልክ ነበር። እርግጥ እኔ ሽማግሌውን እንዳቆምኩ ነው የመለስኩት፣ ስለዚህ ብዙም አልፎክርም። ጹሙ ጸልዩ የሚለውን ካህናቱ ይነግሯችኋል፤ እኔ የምለምናችሁ ደጃችሁ ድረስ የመጣን ሰው መጀመሪያ እንድታስቀምጡት ነው። ፍርዱ ከቡናው በኋላም ይደርሳል።

ማክሰኞ ፒያሳ ልጅቷን አገኘኋትና ይህንኑ ነገርኳት። የጋቢውን ነገር ዘለልኩት። እስከ መጨረሻው ሰምታኝ «ታዲያ ጋሼ፣ ፈልገው ይቅርታ ጠየቁት?» አለችኝ።

«ባጃጅ መጣልኝ» ብያት ተለየኋት። ቤቴ ከዚያ በእግር አምስት ደቂቃ ነው።