ጡረታ ወጣሁ፣ ገዳም ልግባ ወይስ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን ሰነበቱ፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። እኔ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኝነት ስሠራ ቆይቼ ባለፈው ዓመት 60 ሲሞላኝ ጡረታ ወጣሁ። ልጆቻችን የየራሳቸውን ኑሮ ይዘዋል፣ እኔና ባለቤቴ ነን ያለነው። መጀመሪያ ሰሞን ደስ ብሎኝ ነበር፣ አሁን ግን ጠዋት ስነሳ ለምን እንደምነሳ አላውቀውም። ቀኑ በቲቪና በስልክ ያልቃል፣ በትንሽ በትልቁ ከባለቤቴ ጋር እንጋጫለን። እግዚአብሔርም ከእኔ የሚፈልገውን ጨርሷል መሰለኝ። አንድ ወዳጄ ገዳም ገብተህ ቀሪ ዘመንህን በጸሎት ጨርስ አለኝ፣ ልቤም ወደዛው አደላ። ሚስት እያለችኝ ይፈቀድልኛል? ካልተፈቀደስ እቤት ቁጭ ብዬ ምን ላድርግ? ስኳር ስላለብኝ እንደ ድሮው መጾምና መስገድም እያቃተኝ ነው።

መልስ፦ አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ሰው በሆዱ ይዞት የሚዞረውን ነው አውጥተው የጠየቁት። ቢሮ እያሉ ፊርማዎን የሚጠብቅ ሰው ነበረ፣ ስልኩም ይጮህ ነበር፣ አሁን ዝም ሲል ሰው ባዶ እንደሆነ ይሰማዋል፣ ይሄ ኀጢአት አይደለም። ዳዊትም «በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ፣ ጉልበቴም ባለቀ ጊዜ አትተወኝ» ብሎ ጸልዮአል (መዝ 70)፣ ስለዚህ ፍርሃቱን ወደ ጸሎት ይዘውት ይግቡ። እግዚአብሔር ጨርሷል ያሉትን ግን አልቀበልዎትም።

እስቲ ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 8ን ይክፈቱና መጨረሻውን ያንብቡ። ሌዋውያን ከ25 ዓመታቸው ጀምረው በመገናኛው ድንኳን ያገለግሉና 50 ሲሞላቸው ከሥራው ይወጣሉ ይላል። ጡረታ ማለት እኮ ነው፣ ሥርዓቱን የሠራው ደግሞ እግዚአብሔር ራሱ ነው፣ ምክንያቱም ድንኳኑ በተነሳ ቁጥር ንዋያተ ቅድሳቱን በትከሻ ተሸክሞ በረሃ ማቋረጥ ጉልበት ይጠይቃል፣ እሱም የፈጠረውን ሰው ጉልበት ያውቃል። ግን እዛው ላይ አያቆምም፣ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ከወንድሞቻቸው ጋር ሆነው በመጠበቅ ያገልግሉ ይላል። ሸክሙን ነው ያወረደላቸው፣ ከድንኳኑ ሂዱ አላላቸውም። እኔ በዚህ ጉዳይ ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ ይሄን ክፍል ነው የማሳየው፣ እርስዎም የወጡት ከደመወዝ መክፈያው ላይ ነው እንጂ ከአገልግሎት አይደለም።

ሰባኪዎች ስለ ሽምግልና ስናነሳ በ85 ዓመቱ ተራራማውን አገር ስጠኝ ያለውን ካሌብን እንጠቅሳለን (ኢያሱ 14)። መልካም ነው፣ ግን ጉልበቱን ለሚያመው አባት ካሌብን ብቻ እየጠቀሱ በርታ ማለት ሸክም መጨመር ይመስለኛል። ቤርዜሊንም እናንብብ (2ኛ ሳሙ 19)። ዳዊት ከአቤሴሎም ሸሽቶ በመሃናይም ሳለ ስንቅ ያቀረበለት ሰው ነው፣ ንጉሡ ሲመለስ ና ከእኔ ጋር ኢየሩሳሌም ኑር ሲለው እኔ የ80 ዓመት ሽማግሌ ነኝ፣ ለጌታዬ ሸክም ለምን እሆናለሁ ብሎ እምቢ አለ፣ በእሱ ፋንታ ከመዓም የሚባለውን ይዘህ ሂድ አለው። የአቅሙን ልክ አወቀ፣ ለቀጣዩ ሰው ደግሞ በር ከፈተ። ይሄም አገልግሎት ነው፣ ቀላል አገልግሎትም አይደለም።

ወደ ገዳሙ ልምጣ። ሚስት ያለው ሰው ብቻውን ወስኖ ተነስቶ መመንኮስ አይችልም። ጋብቻ ቃል ኪዳን ነው፣ ቅዱስ ጳውሎስ ለጸሎት ብለው ለጊዜው ሲለያዩ እንኳን ተስማምተው ይሁን ነው የሚለው (1ኛ ቆሮ 7)። ባልና ሚስት በእርጅና ዘመናቸው ሁለቱም ፈቅደው ንስሐ አባታቸውን አማክረው ወደ ምንኩስና የገቡ አሉ፣ የእርስዎ ግን እንደነገሩኝ እሱ አይደለም፣ ባለቤትዎን አንድ ቃል ያማከሩበት ነገር ጥያቄዎ ላይ የለም። ደግሞ ገዳም ማረፊያ የሚመስለው ሰው ተሳስቷል። የሚገባ ሰው በአመክሮ ይቆያል፣ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ይታዘዛል። በስልቹነት የገባ ሰው እዛም ይሰለቻል፣ አባቶቻችን ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል የሚሉት በከንቱ አይደለም እኮ። አባ እንጦንስ እንኳን በበረሃ ሳሉ ስልቹነት ተጭኗቸው እንዴት ልዳን ብለው ቢለምኑ አንድ እሳቸውን የሚመስል ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፣ ተነስቶ ሲጸልይ፣ ደግሞ ተቀምጦ ሲታታ አዩ፣ መልአክ ነበረ፣ እንዲህ አድርግ ትድናለህ አላቸው። ሥራና ጸሎት እየተፈራረቁ ማለት ነው፣ ይሄ ደግሞ እርስዎ ሳሎን ውስጥም ይሆናል።

ስለዚህ ቀንዎን ሥርዓት ያስይዙት። ቢሮ እያሉ የመግቢያ ሰዓት እንደነበረዎት ሁሉ አሁንም ይኑርዎት፣ ከእንቅልፍ ሲነሱ ስልኩን ሳይነኩ ጸሎት ያድርሱ፣ ውዳሴ ማርያም ለ7ቱ ዕለታት ተከፋፍሎ ተሠርቶልናል የዕለቱን ያድርሱ፣ ከዳዊት አንድ ንጉሥ ይድገሙ። 10 መዝሙር ነው አንድ ንጉሥ፣ ከበዛ ግማሹን፣ በአንድ ቀን 150ውንም ልጨርስ ብለው ጀምረው በሳምንቱ እንዳይተዉት። ከዛ ደብሩ ቅርብዎ ከሆነ በእግርዎ ሄደው ኪዳን የሚባለውን የጠዋት ጸሎት ያድርሱ፣ እግር መንገዱ ለስኳሩም ጥሩ ነው። ሌላም ልጨምር፣ በዐቢይ ጾም በሥራ ቀን ቅዳሴው የሚወጣው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ሠራተኛ ሰው ከቅዳሜና እሁድ በቀር አይደርስበትም፣ ስንቱን ዓመት ቢሮ ተቀምጠው አምልጦዎታል፣ አሁን ግን ማስቀደስ ይችላሉ። እኔ ጡረታን የማየው እንዲህ ነው።

ስለ ጾሙና ስግደቱ አይጨነቁ፣ ግን በራስዎም አይወስኑ። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን አታስጨንቅም። መድኃኒቱን በስንት ሰዓት ከምግብ ጋር እንደሚወስዱ ሐኪምዎ የነገረዎትን ይዘው ንስሐ አባትዎ ጋ ይቅረቡ፣ የሚጾሙበትን ሰዓት እሳቸው ይወስኑልዎታል፣ ከሥጋውና ከወተቱ መከልከል ግን ብዙዎቹ የስኳር ሕመምተኞች የሚችሉት ነው። ስኳሬ ወርዶ ወድቄ ልሙት፣ ለእግዚአብሔር ብዬ ነው የሚሉ አባቶች ገጥመውኛል፣ እባክዎ ይሄን አያድርጉት። መስገድ ካቃተዎት ቆመው፣ መቆም ካቃተዎት መቋሚያውን ተደግፈው ወይ ተቀምጠው ይጸልዩ።

አሁን ዋናው ላይ ልምጣ፣ ሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ ብለውኛል። ሙዳየ ምጽዋት ተከፍቶ ሲቆጠር አይተው ያውቃሉ? ጠረጴዛው ላይ ይዘረገፋል፣ አራትና አምስት ጊዜ የታጠፈ ብር አለ፣ በስለት ወረቀት የተጠቀለለ አለ፣ ሳንቲሙ ለብቻ፣ አንዱ ያቃናል አንዱ ይቆጥራል አንዱ ይጽፋል፣ ድምሩ ሳይገጥም ሲቀር እንደገና ከሀ ይጀመራል። እዛ ጠረጴዛ ላይ ቁጥር የሚያውቅ፣ ደመወዝ የማይጠብቅ፣ ምሽት ላይ ልሂድ ብሎ የማይቸኩል ታማኝ ሰው ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አልነግርዎትም። የሰበካ ጉባኤው ከካህናትም ከምእመናንም ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም የሚውጣጣ ነው፣ ሄደው ሙያዬ ይሄ ነው፣ በምን ላግዝ ይበሉ። መጀመሪያ ላይ ቀዝቀዝ ያለ መልስ ሊሰጥዎት ይችላል፣ አይቀየሙ፣ ደጋግመው ይሂዱ። እድራችሁም መዝገቡን የሚያስተካክልለት ሰው ይፈልግ ይሆናል። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች የገቢና ወጪ አያያዝ የሚያሳያቸው ቢያገኙ ደግሞ ቤርዜሊ ያደረገውን አደረጉ ማለት ነው፣ ግን እኛ ቢሮ እንዲህ ነበር እያሉ አይቆጧቸው፣ ቀስ ብለው ያሳዩዋቸው።

በኮንትራት ሥራ ላግኝ ካሉም ነውር የለበትም፣ የጡረታ ብር ዛሬ የት እንደሚደርስ እናውቀዋለን። ብቻ እሁድንና ጸሎቱን እንዳይወስድብዎት።

በመጨረሻ ስለ ባለቤትዎ። እሳቸው ቤቱን በራሳቸው ሥርዓት ሲመሩ ኖረው ድንገት ቀኑን ሙሉ ሳሎን የሚቀመጥ፣ ወጡ ለምን ቀጠነ የሚል ሰው መጣባቸው፣ ጭቅጭቁ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። የእርስዎ ጡረታ ለእሳቸው ጡረታ አልሆነም አባቴ፣ አሁንም ጠዋት ተነስተው ያበስላሉ ያጥባሉ። ገበያውን እርስዎ ይውሰዱት፣ ቡና ሲፈላ ቲቪውን ይዝጉትና አብረው ይቀመጡ፣ ማታ ማታ አብራችሁ ጸልዩ። ቅዱስ ቁርባን ስለመቀበላችሁ ምንም አላሉኝም። የተጋባችሁት በሰማንያም ቢሆን ተስፋ አትቁረጡ፣ ሁለታችሁ ንስሐ ገብታችሁ እንዴት ለሥጋ ወደሙ እንደምትበቁ ንስሐ አባታችሁ ሥርዓቱን ያሳያችኋል፣ ልጅ ማሳደጉና የሥራው ሩጫ ሲያዘገያችሁ ቆይቶ ከሆነ አሁን ጊዜው አላችሁ። ገዳሙንም ቢሆን ለመሳለም አብራችሁ ሂዱ፣ ከዛ በፊት ግን ዛሬ ማታ ለእኔ የጻፉልኝን ለእሳቸው ይንገሯቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።