የዘይት ተክል ለማልማት ላሰባችሁ የቆላ ልጆች

ከግብርና ኮሌጅ ገና የወጣችሁ ልጆች ስለ ባዮዲዝል፣ ከተክል ዘይት ስለሚሠራው ነዳጅ፣ ትጠይቁኛላችሁ። ከሸዋ ሮቢት ዝቅ ያለውን ደረቅ ሜዳ ታዩና «ጃትሮፋ ብንተክልበትስ?» ትላላችሁ። ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን እስቲ ረጋ በሉ።

ጃትሮፋ ዘሩ ዘይት የሚሰጥ ቁጥቋጦ ነው፤ ድርቅ ይችላል። ቅጠሉን አራግፎ በጋውን ይሻገራል፣ ፍየልም አትደፍረውም። አለመሞትና ማፍራት ግን ለየቅል ናቸው። ውሃ ካጣ ፍሬው እዚህ ግባ አይባልም። በ2000 ዓ.ም. የአገራችን የባዮፊውል (ከዕፅዋት የሚገኝ ነዳጅ) ስትራቴጂ ሲወጣ ስንቱ «በጠፍ መሬት ዘይት» ብሎ ተነሣ! ጠፍ የተባለው መሬትም ከብት የሚግጥበት፣ እንጨት የሚለቀምበት ነበር።

ለቀማውንም አስቡት። አንድ የጃትሮፋ ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ጥቁር ፍሬ አብረው ታገኛላችሁ። እኩል አይደርስም። ሰው እየተመላለሰ በእጁ ይለቅማል። ሌላው የዘይት ተክል ጉሎም ያው ነው፤ አንዱ ዘለላ ደርቆ ሲፈነዳ ሌላው ገና ያብባል። ከዘገያችሁ ዘሩ ተፈናጥሮ መሬት ላይ ነው። የቀን ሠራተኛ ሒሳብ ሲገባበት ወረቀት ላይ ያማረው ትርፍ እልም ይላል። ስለዚህ ዝርያ ማሻሻል የምትሹ ዘይቱ ላይ ብቻ አታፍጥጡ፤ የጉሎ ዘር እኮ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። እኩል የሚደርስና የማይፈነዳ ፈልጉ። የጉሎ ዘይት ወፍራም ስለሆነም ከነዳጅ ይልቅ ለማሽን ቅባትና ለመዋቢያ ቢሸጥ ይሻላል ባይ ነኝ።

አደራ፣ ዘይቱ ሲጨመቅ የሚቀረው ፋጉሎ የጃትሮፋውም የጉሎውም መርዝ አለው። የኑግ ፋጉሎ ለበሬው መስጠት የለመደ ገበሬ ይህንንም ይሰጠዋል። ሳይዘራ በፊት ንገሩት።

እኔን ካላችሁኝ ዓይኔ ያረፈው ጎመን ዘር ላይ ነው። አዎ፣ እናቶቻችሁ ምጣድ የሚያስሱበት! እ.ኤ.አ. በ2012 ካናዳ ውስጥ አንድ ጄት ሙሉ በሙሉ ከሱ ዘይት በተሠራ ነዳጅ በረረ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የአውስትራሊያው አየር መንገድ ኳንታስ ይህንኑ ነዳጅ 10 በመቶ ቀላቅሎ ከሎስ አንጀለስ ሜልበርን ገባ። የተክሉ መነሻ የኛ ደጋ ነው፤ እኛ ምጣድ ላይ ቀረን። ጎመን ዘር ባንዴ ይታጨዳል፣ ቶሎም አይረግፍም። ቆላ ድረስ ግን አይወርድላችሁም።

ከደብረ ሲና ወደ ቀወት ቆላ ስትወርዱ በየከፍታው ትንሽ ትንሽ መደብ ያዙ። ላይ ጎመን ዘር፣ ታች ጉሎ። ውሃ አታጠጡ። በዝናብ ብቻ ስንት ኪሎ እንደሰጠና ለቀማው ስንት ቀን እንደፈጀ ጻፉ። ቢያንስ ሁለት ክረምት ሳታዩ ማንንም ገበሬ አታስተክሉ።