ብርሃኑን ሳይነኩ ማዞር፦ ስለ ኦፕቲካል ስዊች ለጠየቃችሁኝ

ስለ ኦፕቲካል ስዊች ዲዛይን ያሻችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከደሴ፣ ከወልዲያ፣ ከኮምቦልቻና ከሐይቅ የመጡትን እነሆ እመልሳለሁ።

ከደሴ፦ ኢንጂነር፣ ከተራው ስዊች በምን ይለያል?

ተራው ስዊች በፋይበር የመጣውን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፣ ዳታውን አንብቦ መንገድ ይመርጥለታል፣ ከዚያ በሌዘር መልሶ ብርሃን ያደርገዋል። ኦፕቲካል ስዊች ግን ምንም አያነብም። ብርሃኑን እንዳለ ከአንዱ ፋይበር ወደ ሌላው ያዞረዋል። ስለዚህ የዳታው ፍጥነት ነገ ቢጨምርም፣ ብርሃኑ ስዊቹ ከተሠራለት የሞገድ ክልል እስካልወጣ ድረስ ግድ የለውም።

ከወልዲያ፦ በናኖ ሰከንድ የሚዞር ስዊች እያለ፣ ቴሌኮሞች በሚሊ ሰከንድ የሚዞረውን ለምን ይመርጣሉ?

እህቴ፣ የዲዛይኑ ዋና ጉዳይ ይሄ ነው። ሊቲየም ናዮቤት ከሚባል ክሪስታል የሚሠሩት በናኖ ሰከንድ ይዞራሉ። በጥቃቅን መስተዋት የሚሠሩት ሚሊ ሰከንዶች ይፈጃሉ። ግን የረጅም ርቀት መስመር አንዴ ከተዘረጋ ለወራት ሳይነካ ሊቆይ ይችላል። ፋይበር ተቆርጦ ወደ መጠባበቂያው ለመዞርም የተለመደው ገደብ 50 ሚሊ ሰከንድ ነው። ጥሩ መስተዋት ይደርስበታል።

እኔን የሚያሳስበኝ የብርሃን ብክነት ነው። ጥሩ ፋይበር በ1550 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ላይ በኪሎ ሜትር 0.2 ዲሲቤል (የብክነት መለኪያ ነው) ገደማ ያባክናል። ከደሴ ኮምቦልቻ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ብንለው 5 ዲሲቤል መሆኑ ነው፤ ከገባው ብርሃን አንድ ሦስተኛው ብቻ ይደርሳል። እንግዲህ ለፍጥነት ብለሽ 5 ዲሲቤል የሚበላ ስዊች መሃል ላይ ስታስገቢ፣ ሌላ የደሴ–ኮምቦልቻ መንገድ ጨመርሽበት ማለት ነው። ፍጥነቱን የሚያስከነዳ ኪሳራ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ በሙቀት የሚሠራ የሲሊከን ስዊች መርጫለሁ። ምን ያህል ላሙቀው?

አብሽር ወንድሜ፣ ስሌቱ ቀላል ነው። በማክ-ዘንደር ስዊች ብርሃኑ ለሁለት ክንድ ተከፍሎ መልሶ ይገናኛል። ሲሊከን ሲሞቅ በውስጡ የሚያልፈው ብርሃን ትንሽ ይዘገያል። የአንደኛው ክንድ ብርሃን በግማሽ ሞገድ ሲዘገይ መውጫው ይቀየራል። በ1550 ናኖ ሜትር ላይ ለዚህ የሚያስፈልገው፣ የሚሞቀው ክንድ ርዝመት በሚሊ ሜትር ሲባዛ በሙቀት ጭማሪው 4.2 ያህል ነው። ክንዱ 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ 4 ዲግሪ ገደማ ይበቃል። 0.1 ሚሊ ሜትር ከሆነ 42 ዲግሪ ትፈልጋለህ።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ጎረቤቱ ነው። ሙቀቱ ወደ አጠገቡ ክንድ ከዘለቀ ስዊቹ አይዘጋም፣ ብርሃን ባልተፈለገው መውጫ ይሾልካል። ክንዶቹን አራርቅ፣ ወይም በመካከላቸው ቦይ አስቆፍር። ለሲሙሌሽን ኤምአይቲ ውስጥ የተሠራው ሚፕ የሚባል ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል፤ ፋይናንስ ምናምን አያስጨንቅህ።

ከሐይቅ፦ 8 መግቢያና 8 መውጫ ያለው ብሠራ ስንት ትናንሽ ስዊች ይፈጃል?

እንዳደራደሩ ነው። በክሮስባር፣ ማለትም መግቢያና መውጫው እንደ ፍርግርግ በሚገናኝበት አደራደር፣ 64 ይፈጃል፣ ክፉ መንገድ የገጠመው ብርሃን ደግሞ 15ቱን ያቋርጣል። ስዊቾቹ በተከታታይ ደረጃ በሚደረደሩበት በቤኔሽ አደራደር 20 ይበቃል፣ ሁሉም መንገድ 5 ብቻ ያልፋል። አንዱ ስዊች 0.5 ዲሲቤል ቢበላ ልዩነቱ 7.5 እና 2.5 ነው። ቤኔሽም ዕዳ አለበት፤ አዲስ መስመር ለመክፈት አንዳንዴ የሚሠራውን መስመር ማዛወር ግድ ይላል። እኔ ብሆን ቤኔሽን እመርጣለሁ።

በድጋሚ ከደሴ፦ መብራት ሲጠፋስ?

በሙቀት የሚሠራው ይቀዘቅዛል፣ ቦታውንም ይለቃል። የሚቆልፍ ዓይነት ሜካኒካል ስዊች ግን አጭር የኤሌክትሪክ ምት ብቻ ነው የሚፈልገው። አንዴ ከዞረ መብራት ቢሄድም እዚያው ይቆማል፣ ብርሃኑም ማለፉን ይቀጥላል። መብራት ለሚቆራረጥበት ጣቢያ የምመክረው ይሄኛውን ነው።